አዮዲኑ የሚያበቃበት ቀን

ባለፈው የሻዕባን ወር በሦስተኛው ሰኞ፣ የአክስቴ ልጅ ከአሠሪዋ ቤት የጠፋች ሠራተኛ ተብላ ተመዘገበች። አልጠፋችም። ጅዳ ውስጥ ያለ አንድ የግል ሆስፒታል «ከሕፃን ራቂ» ብሎ አዞ፣ እሷም ትእዛዙን አክብራ ርቃ ነበር። እስከ መቼ እንደምትርቅ ግን የነገራት የለም። የምጽፈው ስለዚያ ስላልተነገረ ቀን ነው።

የፊዚክስ መምህር ነኝ። ሁለተኛ ዲግሪዬን የሠራሁት በጨረራ ፊዚክስ ነው፤ አገር ቤት ሳለሁም ዩኒቨርሲቲ አስተምር ነበር። ባሌን ተከትዬ ጅዳ ከመጣሁ ወዲህ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬ፣ ላይ የሰፈረው ሙያዬ ሳይሆን የማን ሚስት እንደሆንኩ ነው። ከፔትሮሚን ሠፈር ጋራዦች ብዙ በማይርቅ ሕንፃ ውስጥ፣ ለሐበሻ ልጆች በተከፈተ ትምህርት ቤት ሳይንስ አስተምራለሁ። ልጆቹ እዚሁ ተወልደው ያደጉ ናቸው፤ በአማርኛ ስጠይቃቸው በዐረብኛ ይመልሱልኛል። እኔንም እንደ አገሩ የመምህርት መጠሪያ «አብላ» ይሉኛል።

የአክስቴ ልጅ በታመመችበት ሰሞን የደረስንበት ምዕራፍ የኑክሌር ኃይል ነበር።

«አብላ፣ ቦምቡን መቼ ነው የምንማረው?» አለ ከኋላ ወንበር አንዱ።

«ቦምብ አንማርም። ውኃ ማፍላት ነው የምንማረው።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ቀልዴን አልነበረም። የኑክሌር ኃይል ማመንጫ፣ ስሙ የሚያስፈራውን ያህል፣ ከማንቆርቆሪያ የተለየ ዓላማ የለውም። የዩራኒየም አስኳል በአንዲት ኒውትሮን ሲመታ ለሁለት ይከፈላል፤ ሲከፈል ሙቀት ይሰጣል፤ ሌሎች ኒውትሮኖችንም ይለቅቃል፤ እነሱ ደግሞ በተራቸው ሌላውን አስኳል ይመታሉ። ሰንሰለቱ እንዳይበረታ፣ ኒውትሮን የሚውጡ ዘንጎች በመካከሉ ይወርዱና ይወጣሉ። ሙቀቱ ውኃ ያፈላል፣ እንፋሎቱ ተርባይን ያሽከረክራል፣ ተርባይኑ መብራት ያመነጫል። በላያችን የሚያጓራውን የአየር ማቀዝቀዣ የሚያሠራው የነዳጅ ኃይል ማመንጫም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ ከውኃው ሥር የሚነደው ነገር ነው። ደግሞም አስኳሎቹ ከሚከፈሉበት ከኑክሌር ማብላያ የሚወጣው ሁሉ ወደ ሽቦ አይገባም። ጨረራ የሚያመነጩ ጥቂት ነገሮች እዚያው ይሠሩና በወፍራም እርሳስ ተሸፍነው ወደ ሆስፒታል ይጫናሉ።

«ሆስፒታል ምን ያደርጉበታል?» አለች ፊት ለፊቴ የተቀመጠችው ልጅ።

«ለሰው ይሰጡታል። ሰውየው ይውጠዋል።»

«ወላህ? ከዚያ አይሞትም?»

«ይድናል።»

አላመነችኝም። ያን ቀን አለማመኗን ከዕድሜዋ ቆጠርኩት። በኋላ ግን አዋቂዎቹም ከእሷ እንደማይሻሉ አየሁ።

የአክስቴ ልጅ አንድ ቤተሰብ ዘንድ በሠራተኛነት ከገባች ዓመታት ተቆጥረዋል። የመጨረሻውን ሕፃን ከተወለደ ጀምሮ ያቀፈችው እሷ ናት፤ ከእሷ ትከሻ ላይ ካልሆነ እንቅልፍ አይወስደውም። ባለፈው ዓመት አንገቷ ያብጥ፣ ዓይኖቿ ይጎሉ፣ እየበላችም ትከሳ ጀመር። ልቧ ደረጃ እንደወጣ ሰው ቁጭ ባለችበት ይመታል። ነገሩን መጀመሪያ ያስተዋለችው ማዳሟ ናት፤ ሻይ ስታቀርብላት ብርጭቆው ከሥሩ ካለው ሰሃን ጋር ሲንቀጫቀጭ ሰምታ ሆስፒታል ወሰደቻት። ይህን ለማዳሟ እመሰክርላታለሁ። የእንቅርት ዕጢዋ ከልክ በላይ እየሠራ ነበር።

ለዚህ ሕመም ከሚሰጡት ሕክምናዎች አንዱ የማስተምረው ምዕራፍ ውስጥ አለ። የእንቅርት ዕጢ አዮዲን ይስባል፤ የሚስበው አዮዲን ጨረራ ይኑረው አይኑረው ግን አይለይም። ስለዚህ በማብላያ ውስጥ የተሠራውን፣ ጨረራ ያለውን አዮዲን ታማሚው እንዲውጠው ይሰጡታል፤ ዕጢው ራሱ ይሰበስበዋል፤ ጨረራውም ከልክ በላይ የሚሠራውን ሕዋስ እዚያው ያቃጥለዋል። ቢላዋ የለም፣ ስፌት የለም። ከዚህ ይበልጥ የሚያምር ሐሳብ በሕክምና ውስጥ ብዙ አላውቅም። ቅድመ ሁኔታው አንድ ብቻ ነው፦ አዮዲኑ በሽንት እስኪወጣና በራሱ ጊዜ እስኪከስም ድረስ ታማሚው ለጥቂት ጊዜ ከሕፃናትና ከነፍሰ ጡሮች ይርቃል። ብቻውን ይተኛል፣ ውኃ በብዛት ይጠጣል።

ከሻዕባን በፊት ባለው በረጀብ ወር አጋማሽ ላይ፣ ከማዳሟ ሹፌር መኪና ውስጥ ሆና የአክስቴ ልጅ ደወለችልኝ።

«እታለም፣ አንዲት ክኒን ሰጡኝ።»

«ምን ብለው?»

«ዋጪ ብለው ነዋ። እንደ ሙቀጫ በወፈረ ብረት ውስጥ ነው ያመጧት። ነርሷ ሰጥታኝ ሮጣ በሩ ጋ ቆመች። ርኩስ ነኝ እንዴ፣ ነጃሳ ነኝ?»

«አይደለሽም። ከዚያስ ምን አሉሽ?»

«ለማዳም ነው የነገሯት። እኔን ኮሪደር ላይ አስቀምጠው ከእሷ ጋር ሲያወሩ ቆዩ። ስትወጣ አለቀሰች፤ ‹ሕፃኑን እንዳትነኪው፣ ሂጂና ዘመዶችሽ ጋ ሁኚ› አለችኝ።»

«እስከ መቼ?»

«አላለችኝም።»

«አንቺስ አልጠየቅሽም?»

«እታለም፣ እኔ መቼ ነው የምጠይቀው?»

ወደ ቤቴ እንዳትመጣ የወሰንኩት እኔ ነኝ። ገና ዳዴ የሚል ልጅ አለኝ፤ ቤታችንም ሁለት ክፍል ነው። ውሳኔው ትክክል ነበር፤ ዛሬም ትክክል ነው። ስለዚህ ሹፌሩ መካ ወሰዳት፤ ዛሂር ሠፈር፣ የወሎ ሴቶች በጋራ ወደተከራዩት ቤት። የቤቱ ታላቅ ሁሉም «እቴቴ» የሚሏት ሴት ናት። በስልክ ለእቴቴ የብቻዋ ክፍል፣ የብቻዋ ዕቃ፣ የብቻዋ ፍራሽ ይኑራት አልኳት። «አብሽሪ፣ አብሽሪ» አለችኝ። አምኜ ዘጋሁ።

አርብ ዕለት ከጁምዓ በኋላ ሄድኩ። ያየሁትን በትክክል ልጻፈው። የአክስቴ ልጅ በክፍሉ መካከል ተቀምጣለች፤ ሴቶቹ ዙሪያዋን ጉልበት ለጉልበት ተጠጋግተው ዱዓ ያደርጉላታል። ከአንድ ትሪ በልተው ጨርሰዋል። ሦስት ፍራሾች ከእሷ ፍራሽ ጋር ተገጣጥመዋል። ለመውለድ የደረሰች አንዲት ነፍሰ ጡር ደግሞ ሆዷን ከአክስቴ ልጅ ጎን አስደግፋ፣ በጥቁር አዝሙድ ዘይት አንገቷን ታሻታለች።

ሆስፒታሉ ካዘዘው አንድም ነገር አልቀረም፤ ሁሉም ተገልብጦ ተፈጽሟል።

«እቴቴ፣ ለብቻዋ አላልኩሽም?»

«ለብቻዋ? የታመመች ልጅ ለብቻዋ? አንቺ ልጅ፣ የት ነው ያደግሽው?»

እንዳልሰማችኝ መስሎኝ ነበር፤ በሚገባ ሰምታኛለች። በእነዚህ ሴቶች ዘንድ ታማሚ ብቻውን አይበላም፣ ብቻውን አይተኛም። ስደት ላይ ደግሞ ይህ ልማድ እጥፍ ይጠብቃል፤ በሰው ቤት፣ በሰው አገር፣ ከማብሰያው ጎን ባለች ጠባብ ክፍል ብቻውን የሚሞት ሰው አይተዋልና። «አርቂያት» የሚለው ቃል ለእነሱ ምክር አይደለም፣ ነውር ነው።

ነፍሰ ጡሯን ከክፍሉ አስወጣሁና ማስረዳት ጀመርኩ። አስኳል ምን እንደሆነ፣ ጨረራ ምን እንደሆነ፣ ርቀት ለምን እንደሚጠቅም ተናገርኩ። ስጨርስ አንዷ ጠየቀች፦

«ይኼ ነገር... ኑክሌር የሚሉት ነው?»

«አዎ። ከኑክሌር ማብላያ የሚወጣ ነው። ግን...»

«ግን» ካልኩ በኋላ የተናገርኩትን የሰማ የለም። ሦስቱ ፍራሾች በአፍታ ወደ ጣሪያ ወጡ። ትሪው በዲተርጀንት ተፈተገ፤ ከዚያም አልበቃ ብሎ ተጣለ። ከአፍታ በፊት እጇን ይዛ ታለቅስ የነበረችው ሴት በሩ ላይ ቆማ «አሏህ ያሽርሽ» አለቻት፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ወንዝ ማዶ ላለ ሰው እንደሚጮኽ።

«ከጎኗ መቀመጥ ይቻላል!» አልኩ። «ጎልማሳ ሰው ትንሽ ራቅ ብሎ ቢያጫውታት ምንም አይሆንም!»

«አንቺ ነሽ ራቁ ያልሽን።»

«አትተኙባት፣ አትላሷት ነው ያልኩት! በር ላይ ቁሙ አላልኩም!»

በአንድ ሰዓት ውስጥ ከአንዱ ስህተት ወደ ተቃራኒው ተሻገሩ፤ በትክክለኛው ስፍራ በኩል ያለፉት ሳይቆሙ ነው። እቴቴ ብቻ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። የዘምዘም ቅዱስ ውኃ ጀሪካኗን እየጎተተች መጣች።

«ዘምዘም ትጠጣ። ጧት፣ ቀን፣ ማታ። ያነጻታል።»

«ውኃ በብዛት መጠጣቱ ጥሩ ነው» አልኩ፤ «አዮዲኑ በሽንት ስለሚወጣ።»

«አየሽ! እኔ ያልኩትን ነው ያልሽው!»

«አንድ አይደለም እቴቴ። ማንኛውም ውኃ...»

«ይሄን ሁሉ ዓመት ተምረሽ መጨረሻሽ እኔ ጋ ነው የመጣሽው።» ሴቶቹ በር ላይ ሆነው ሳቁ። የአክስቴ ልጅም ሳቀች፤ በዚያ ቀን ያየሁት የመጀመሪያ ሳቋ ነበር። ውኃው ትክክል ነው፤ ምክንያቱ ግን ትክክል አይደለም፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ልዩነቱ የሚከነክነው እኔን ብቻ ነበር።

ስወጣ ነፍሰ ጡሯ ደረጃው ላይ ጠበቀችኝ። «ልጄ ምን ይሆናል?» አለችኝ። ጉዳት የመድረሱ ዕድል እጅግ ትንሽ እንደሆነ ነገርኳት። «ምንም አይሆንም በይኝ» አለች። «ምንም አይሆንም» አላልኳትም፤ ትንሽ ማለት ምንም የለም ማለት አይደለምና። ለሐኪሟ እንድትነግር መከርኳት። ፊቷን አዙራ ወረደች።

ከዚያ በኋላ ሁሉም የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ሆነ፦ መቼ ነው የሚያበቃው? የአክስቴ ልጅ ጠየቀችኝ፣ እቴቴ ጠየቀችኝ፣ ሹፌሩ ሳይቀር ጠየቀኝ። የዚህ አዮዲን ግማሽ ዕድሜ ስምንት ቀን ያህል ነው፤ በየስምንት ቀኑ ከነበረው ግማሹ ይቀራል። በሽንት የሚወጣው ሲታከልበት ደግሞ ከሰውነት ቶሎ ይቀንሳል። ይህን ማንም የመማሪያ መጽሐፍ ይናገራል። ግን የምን ግማሽ? ስንት እንደተሰጣት ሳላውቅ ስንት እንደቀረ አልናገርም።

«እንዲያው በግምት» አለች እቴቴ በስልክ።

«በግምት ሕፃን አይታቀፍም።»

«ታዲያ ምኑን ነው የተማርሽው? አንድ ቀን መናገር ካቃተሽ!»

የሚያውቀው ሆስፒታሉ ነው። ደወልኩ። መጀመሪያ ያነሣችው ሴት የታማሚ መረጃ የሚሰጠው ለአሠሪው ብቻ ነው አለችኝ። ማዳሟ ጋ ደወልኩ፤ ለእሷም ቀን እንዳልተነገራት፣ «እንደውላለን» ብለው እንደሸኟት ነገረችኝ።

«አንቺ መምህርት ነሽ አሉኝ» አለች ማዳሟ። «እውነቱን ንገሪኝ። ልጅቷ አሁን ኑክሌር ናት?»

«ማዳም፣ ሰው ኑክሌር አይሆንም። መድኃኒት ወስዳለች፤ መድኃኒቱ ይወጣል።»

«ልጄ በየቀኑ በሩ ላይ ቆሞ ያለቅሳል። እኔ እንድትመለስ ነው የምፈልገው። ከሆስፒታሉ ቀን ይምጣልኝ፣ ኸላስ፣ ሹፌሩን ያን ቀን እልካለሁ። እስከዚያ እዚያው ትጠብቅ።»

ክፉ ሴት አይደለችም። ፈርታለች፤ ፍርሃቷም ማብቂያ ቀን አልተሰጠውም።

በሳምንቱ ሆስፒታሉ ድረስ ራሴ ሄድኩ። የኑክሌር ሕክምና ክፍሉ እንግዳ መቀበያ ላይ ያለው ወጣት አነጋገሩ ትሑት ነበር።

«ሐኪሙ ዕረፍት ላይ ናቸው።»

«የተሰጣትን መጠን የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም?»

«አለ። ግን መናገር የሚችሉት ሐኪሙ ናቸው።»

«መቼ ይመለሳሉ?»

«በቅርቡ ኢንሻአላህ።»

«ታማሚዋስ መቼ ነው ወደ ሕፃኑ የምትመለሰው?»

«እሷም በቅርቡ ኢንሻአላህ።» ፈገግ አለ። «አይጨነቁ እህቴ፣ ቀላል ነገር ነው።»

ቀላል ነገር መሆኑን ከእሱ በላይ አውቃለሁ። ያበሳጨኝም እሱ ነው። ይህ ሁሉ የሚመለሰው በአንድ ቁጥርና በአንድ ቀን ነው፤ ክኒኗን ከእርሳሱ ዕቃ ከማውጣታቸው በፊት የለኩት ቁጥር ነው። አንድን አስኳል ሰንጥቀው፣ ከስንጣቂው መድኃኒት አውጥተው፣ ባሕር አሻግረው፣ አንዲት ሴት ጉሮሮ ውስጥ እስኪያደርሱት ድረስ ሁሉን በትክክል ለኩ። ከዚያ በኋላ ለባለ ጉሮሮዋ የሚነገር አንድ ዓረፍተ ነገር አጡ።

ሻዕባን ገባ። የአክስቴ ልጅ እጆች መንቀጥቀጥ አቆሙ፤ ሻይ ስትቀዳ በቪዲዮ አሳየችኝ፤ ብርጭቆው ጸጥ ብሏል። በየጁምዓው ለማዳሟ ትደውላለች፤ መልሱ ያው ነው፦ ሆስፒታሉ እስኪደውል ጠብቂ። ከዚያ ማዳሟ ስልክ ማንሣት ተወች። በሦስተኛው ሰኞ ከከፊሏ፣ ማለትም ኢቃማዋን ከያዘው ከማዳሟ ባል፣ በስልኬ መልእክት መጣ። ሁሩብ አስመዝግቧታል፤ ከሥራ የጠፋች ማለት ነው። ቤቱ ያለ ሞግዚት መቆየት አልቻለም፤ ሌላ ሠራተኛ ሊያስመጣ ነው፤ ስለማያያት ሴት ኃላፊ መሆን አይፈልግም።

ደወልኩለት። እጮኽበታለሁ ብዬ አስቤ ነበር፤ አልጮኽኩም፤ እሱም አልጮኸም።

«ሆስፒታሉ መመለስ የምትችልበትን ቀን ይንገረኝ» አለ። «ያ ቀን ሳይደርስ ያስመዘገብኳት ከሆነ ታማሚ ነበረች፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ አነሣዋለሁ። ቀኑ ካለፈ በኋላ ከሆነ ግን መመለስ እየቻለች ቀርታለች። እኔ ሐኪም አይደለሁም።»

«ባለቤትዎ ጠብቂ ብለዋት ነበር።»

«ባለቤቴም ሐኪም አይደለችም።»

በዚህ ጉዳይ ካነጋገርኳቸው ሰዎች ሁሉ ጥያቄውን በትክክል ያስቀመጠው እሱ ብቻ መሆኑን ሳልወድ እቀበላለሁ። የአንድ አዮዲን መክሰሚያ ቀን አሁን የአንዲት ሴት ሕጋዊነት መለኪያ ሆኗል። በአንዱ በኩል ታማሚ ናት፤ በሌላው በኩል ወንጀለኛ።

ለእቴቴ ስነግራት «ታዲያ አንድ ቀን ጥሪለት!» አለችኝ። «ከሰኞው በኋላ የሆነ አንድ ቀን። አንቺ ያጠናሽው ነው፤ ማን ይጠይቅሻል?»

«እሱ ይጠይቀኛል። ስንት እንደተሰጣት ይጠይቀኛል። አላውቅም።»

«ለእህትሽ ስትይ እንኳ?»

«ለእሷ ስል ነው። ውሸት መሆኑ የታወቀ ቀን ደግሞ አይሠራላትም።»

የአክስቴ ልጅ ስልኩን ተቀበለቻት። አልወቀሰችኝም። «እታለም» አለች፣ «ያ ልጅ አሁን በማን ትከሻ ላይ ነው የሚተኛው?»

አሁን ረመዳን ነው። ከዛሂር ታላቁ መስጊድ፣ ሐረም፣ ቅርብ ነው፤ ሴቶቹ ለተራዊህ፣ ለሌሊቱ ሶላት፣ ሲወጡ እሷ በሩን ከውስጥ ዘግታ ትቀራለች። ፖሊስ ቢያገኛት ኢቃማዋ የተሰረዘ ነው፤ ወደ ማቆያ፣ ከዚያም ወደ አገር ትላካለች፤ ተመልሳም አትገባም። ሴቶቹ አሁንም ሰሃኗን ለብቻ ያጥባሉ። አዮዲኑ ከእሷ ወጥቷል ብዬ ብነግራቸው «ቀኑን አላውቅም ያልሽው አንቺ አይደለሽም?» ይሉኛል፤ ብያለሁ። ነፍሰ ጡሯ ወለደች፤ ልጁ ደህና ነው፤ እናቱ ግን በእቴቴ ቤት በር አታልፍም።

የሆስፒታሉን ስም አልጻፍኩም። የክፍሉ ኃላፊ ራሱን ያውቃል፤ ጥያቄዬንም ሦስት ጊዜ ተቀብሏል፦ በስልክ፣ በአካል፣ በጽሑፍ። ይቅርታ በሉኝ አላልኩም፣ ካሣም አልጠየቅሁም፤ ሕክምናውንም አልከሰስኩም፣ ሕክምናው አድኗታል። «በቅርቡ» መልስ አይደለም። «ቀላል ነገር ነው» መልስ አይደለም። ሁለት ነገር ይጻፍልኝ፣ በማዳሟ ስም ሳይሆን በታማሚዋ ስም፦ በዚያ የረጀብ ቀን ያስዋጣችኋት አዮዲን መጠኑ ስንት ነበር? ያን ሕፃን መልሳ ማቀፍ ትችል የነበረውስ ከየትኛው ቀን ጀምሮ ነው?